ተማሪዎች አዲስ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲቀምሱ በክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

መምህርት_2ኛ_ክፍል (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ክፍሌ ውስጥ 30 ተማሪዎች አሉ፤ ዕድሜያቸው 7 እና 8 ዓመት ነው። በሳምንት አንድ ቀን 20 ደቂቃ የቅምሻ ጊዜ እንዲኖረን ተፈቅዷል። ሐሳቡ በየሳምንቱ አንድ አዲስ አትክልት፣ ፍራፍሬ ወይም ጥራጥሬ አቅርቦ ከልጆቹ ጋር ማስተዋወቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ምድጃ የለም። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ግን ቀደም ብሎ ከተነገረው ያበስላል፤ ኦቨንም አለው።

ከመጀመሬ በፊት ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። ለአንድ ልጅ ምን ያህል ይበቃል? አንዱ ፊቱን አጨፍግጎ «እኔ አልበላም» ሲል ግማሹ ክፍል ይከተለዋል፤ ይህን እንዴት ልያዘው? ለቀመሰ ልጅ ሽልማት መስጠት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ወጥ ቤቱንስ ምን ብዬ ልዘዝ? ብሮኮሊ፣ ቀይ ስር፣ ካሮት፣ ሽምብራና ዱባ በዝርዝሬ ላይ አሉ።

ሥነ_ምግብ_ለልጆች

መምህርት፣ ከዕቅድዎ ውስጥ መለወጥ ያለበት ዋናው ነገር «በየሳምንቱ አንድ አዲስ» የሚለው ነው። አንድ ልጅ የማያውቀውን ምግብ አንዴ ቀምሶ አይወደውም፤ ይህ የልጅ ተፈጥሮ ነው። ያልታወቀ ምግብን መሸሽ ከ2 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይጠነክራል፣ እስከ 6 ዓመት ድረስ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የእርስዎ ተማሪዎች ገና ከዚያ ወቅት መውጣታቸው ነው። ፍርሃቱ የሚለቀው በመደጋገም ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊን በርች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠራቻቸው ጥናቶችም ሆኑ ከእርሷ በኋላ የመጡት የሚያሳዩት አንድ ምግብ እስኪለመድ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ እንደሚያስፈልግ ነው። ማየት ብቻ አይበቃም፤ ምላስ ላይ መድረስ አለበት።

አሁን ሒሳቡን ይመልከቱት። በየሳምንቱ አዲስ ምግብ ካቀረቡ በ12 ሳምንት 12 ምግብ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ግን የሚቀመሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ማለት ልጆቹ 12 ጊዜ «አልወደድኩትም» ብለው ይወጣሉ ማለት ነው። ይልቁንስ ለ12 ሳምንት አራት ምግብ ብቻ ይምረጡ። በየሳምንቱ ሦስቱን በጣም በትንሹ በአንድ ላይ ያቅርቡ፤ አንዱ ልጆቹ የሚያውቁት፣ አንዱ በመለመድ ላይ ያለ፣ አንዱ ገና አዲስ የሆነ። በዚህ አካሄድ እያንዳንዱ ምግብ 8 ወይም 9 ጊዜ ይደርሳቸዋል። የሚታወቀው ምግብ ሁልጊዜ ሳህኑ ላይ ይኑር። ልጁ «እዚህ የምበላው ነገር አለ» ብሎ ሲረጋጋ ነው እጁ ወደ ሌላው የሚሄደው።

መጠኑ ከሚያስቡት ያንሳል። ለአዲሱ ምግብ ለአንድ ልጅ ከ5 እስከ 10 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ወይም የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ይበቃል። ትልቅ ቁራጭ ልጁን ገና ሳይቀምሰው ያስፈራዋል። ለ30 ልጅ በ10 ግራም 300 ግራም የተዘጋጀ ምግብ ማለት ነው። ልጣጭና ጫፍ የሚወስደውን ጨምረው 400 ግራም ካሮት ይበቃዎታል። አንድ የብሮኮሊ ራስ ወይም ሁለት ቀይ ስር ለመላው ክፍል ያዳርሳል። ስለዚህ ወጪውና የሚጣለውም ትንሽ ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከምሳ በኋላ የሚደረግ ቅምሻ ከንቱ ነው። ከምሳ በፊት ይሁን፤ ልጆቹ ከበሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት አልፏቸው። ጭማቂ፣ ወተትና ብስኩት በመካከሉ ከገባ ረሃቡ ይጠፋል። ሦስቱን ምግቦች ሲያቀርቡ አዲሱን አስቀድሙ፣ የሚወደደውን ወደ መጨረሻ አቆዩት። ጣፋጭ ፍራፍሬ አስቀድሞ የቀመሰ ምላስ ከዚያ የሚመጣውን አትክልት ሁሉ መራራ አድርጎ ነው የሚቀበለው።

ፊቱን ስላጨፈገገው ልጅ። ልጆች ከአዋቂ ይልቅ እርስ በርስ ይማራሉ። በርች እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ጥናት አንድን አትክልት የሚመርጥ ልጅ ሌላውን አትክልት ከሚመርጡ ልጆች ጋር በአንድ ገበታ ሲቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምርጫውን ወደ እነሱ ቀይሯል። ተጽዕኖው በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቹን በ5 በ5 ከፍለው ያስቀምጡ፤ በየቡድኑ ደፈር ብለው የሚቀምሱ ሁለት ልጆች ይኑሩ፤ ጮክ ብለው የሚቃወሙትን አንድ ላይ አያስቀምጡ። አቀማመጡን ከምግቡ በፊት ያስተካክሉ። ምግቡ ከቀረበ በኋላ ልጅን ከቦታው ማንሳት ቅጣት ይመስላል።

አንድ ደንብም ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ፦ «የሌላውን ምግብ አናጣጥልም»። ያልወደደ ልጅ «አልወደድኩትም» የማለት መብት አለው፤ ግን ምክንያቱን ከጣዕም ጋር አያይዞ ይናገር። «መረረኝ»፣ «ምላሴን ያዘኝ»፣ «ለስላሳ መሆኑ ደስ አላለኝም»። «ያስጠላል» የሚለው ቃል ግን ክፍሉ ውስጥ አይነገር። ልጆቹ ይህን በሁለት ሳምንት ይለምዱታል።

የእርስዎ አነጋገርም ይታሰብበት። «ጤናማ ነው፣ ያጠነክራችኋል» ማለት ለልጅ ጆሮ «ጣዕም የለውም ግን ዋጡት» ከማለት አይለይም። ስለ ጥቅሙ መንገር ሌላ ክፍለ ጊዜ ላይ ይቻላል፤ ሳህኑ ፊት ለፊት ግን የሚጠየቀው ስሜት ነው። ሲነክሱት ምን ድምፅ አወጣ? መጀመሪያ ላይ ምን ጣዕም ሰጠ፣ ሲውጡትስ? ከሚያውቁት ከየትኛው ፍሬ ጋር ይመሳሰላል? ፈረንሳዊው ዣክ ፒዩዜ በ1970ዎቹ የጀመራቸው የጣዕም ትምህርቶች መሠረታቸው ይኸው ነው፦ በአምስቱ የስሜት ሕዋሳት መመርመር፣ መግለጽ፣ ማወዳደር። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጣት፣ ጆሮ፣ በመጨረሻ ምላስ። ልጁ ምላሱ ላይ ከማድረሱ በፊት አራት ትናንሽ ደረጃዎች አልፏል፤ ስለዚህ አምስተኛው እንደ ገደል አይታየውም።

የትምህርት_ቤት_ማብሰያ

ለወጥ ቤቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ላይ ልጨምር። ልጆች «አትክልት አንወድም» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሉት ከመጠን በላይ የተቀቀለ አትክልትን ነው። እነሱን ማሳመን ከባድ ነው፤ ማብሰያውን ማስተካከል ግን ይቻላል።

ብሮኮሊ፦ ብሮኮሊ፣ ጎመንና አበባ ጎመን ውስጥ ሰልፈር ያለባቸው ውህዶች አሉ። ብዙ በተቀቀሉ ቁጥር ይፈርሱና ያንን የሚያስቸግር ሽታ ይለቃሉ። ክዳኑ ተከድኖ ሲቀቀል ደግሞ ከአትክልቱ የሚወጣው አሲድ ከእንፋሎቱ ጋር መውጣት ያቅተውና አረንጓዴውን ቀለም ወደ ቡናማ ይለውጠዋል። ስለዚህ፦ አበባውን ከ3 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቁራጭ ይክፈሉ። ሰፊ ድስት ላይ ብዙ ውኃ በደንብ ይፍላ፤ በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይግባበት። ክዳኑን ሳይከድኑ 3 ደቂቃ ብቻ ይቀቀል፤ ወዲያው አውጥተው በረዶ ባለበት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያስገቡት፣ ያጥልሉት። ግንዱን አይጣሉት። ውጫዊ ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ ውስጡ ከአበባው ይልቅ ጣፋጭ ነው፤ በቀጭኑ ከተከተፈ መራራ ነገር ለሚፈሩ ልጆች የተሻለው መጀመሪያ እሱ ነው።

ጨው እዚህ የሚገባው ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም፤ መራራነትን የመሸፈን ባሕርይ አለው። ልጆቹ በመራራ ጣዕም ላይ እኩል አይደሉም። ቲ.ኤ.ኤስ.2.አር.38 የሚባለው ጂን የተወሰነ ዓይነት ያላቸው ሰዎች ብሮኮሊና ጎመንን ከሌላው ሰው እጅግ መራራ አድርገው ይቀምሱታል። ስለዚህ «ጓደኛህ በላው፣ አንተስ ምን ሆንክ» ማለት ልክ አይሆንም። ሁለቱ ልጆች አፍ ውስጥ ያለው ጣዕም አንድ ላይሆን ይችላል።

ካሮትና ዱባ፦ እነዚህን ኦቨን ውስጥ ይጥበሷቸው። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንደ ጣት የረዘመ ቁራጭ ይሁኑ። ለ1 ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ኦቨኑ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አስቀድሞ ይሙቅ፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ መሐል ላይ አንዴ ገልበጥ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ትሪው ላይ ተደራርቦ ከታጨቀ የሚወጣው ውኃ በእንፋሎት ይቀቅለዋል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ጫፉም ቡናማ አይሆንም። በቁራጮቹ መካከል ክፍተት ይኑር፤ ካልበቃ ሁለት ትሪ ይጠቀሙ። ጣፋጭነቱ የሚጎላው ውኃው ሲተንና ጫፉ ቀለም ሲይዝ ነው።

ቀይ ስር፦ ሳይላጥ በፎይል ተጠቅልሎ በ200 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ እንደ መጠኑ። ቢላዋ ያለ ችግር ሲገባበት በስሏል። ልጣጩ በሶፍት ሲታሸት ይወልቃል። የአፈር ሽታ የሚመስለው ጠረን ብዙ ልጆችን ያስቸግራል፤ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ብዙውን ያቀለዋል። ደግሞም ለልጆቹም ለወላጆቹም ቀድመው ይንገሩ፦ ቀይ ስር የበሉ አንዳንድ ሰዎች በማግስቱ ሽንታቸው ወይም ሰገራቸው ሊቀላ ይችላል፤ ጉዳት የለውም። ሳይነገራቸው ቀርቶ ደም መስሏቸው የሚደነግጡ ወላጆች አሉ።

ሽምብራ፦ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ የዘፈዘፉበት ውኃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይቀቀል። በጣት ሲጫኑት መድቀቅ አለበት። ለቅምሻ ሁለት መልክ ያቅርቡ፦ እንዳለ የተቀቀለውና ተፈጭቶ ከሎሚና ዘይት ጋር የተለወሰው። ያንዱን ልስላሴ ወይም ጥንካሬ የጠላ ልጅ ሌላውን ሊወደው ይችላል፤ ምግቡ ግን ያው ነው። ወደ ቀይ ቦሎቄ ከተሻገራችሁ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጥሬው ውስጥ ያለው ሌክቲን ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ከተዘፈዘፈ በኋላ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በደንብ ተንተክትኮ መፍላት አለበት፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ይበስላል። ሳይፈላ በዝግተኛ ሙቀት ብቻ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም።

ስለ ፍራፍሬ አንድ ነገር ብቻ። በ7 ዓመት ብዙ ልጆች የፊት ጥርሳቸው ወልቋል ወይም ይነቃነቃል። ሙሉ አፕል ሰጥታችኋቸው ሳይነኩት ሲመልሱት ምክንያቱ ጣዕሙ ላይሆን ይችላል፤ መንከስ ስለማይችሉ ነው። በቀጭኑ ቆርጣችሁ ስጧቸው። እንዳይጠቁር አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በአንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ ለ5 ደቂቃ ንከሩት፣ አጥልሉት። ካልተነከረ በግማሽ ሰዓት ይጠቁራል፤ ልጆች ደግሞ የጠቆረ ነገር አይነኩም።

መምህር_የአንደኛ_ደረጃ

በሽልማቱ ጉዳይ ግልጽ አቋም አለኝ፤ መሰጠት የለበትም። ልጅ ምግብን ለስቲከር መብላት ከለመደ ስቲከሩ ሲቆም መብላቱም ይቆማል። ደሞም «ካሮቱን ብላና ብስኩት ይሰጥሃል» የሚለው ካሮት ቅጣት፣ ብስኩት ደግሞ ሽልማት እንደሆነ ነው የሚያስተምረው።

ሥነ_ምግብ_ለልጆች

ሁለተኛው ነጥብዎ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ምግብን በምግብ መሸለም የለም። ጣፋጩን ምግብ ይበልጥ ያስከብረዋል፣ አትክልቱን ያዋርደዋል።

የመጀመሪያው ግን እንደ አሰጣጡ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ ከ4 እስከ 6 ዓመት ልጆች ላይ የታተመ ጥናት አለ። ልጆቹ የማይወዱትን አትክልት በትንሹ ለ12 ቀናት እንዲቀምሱ ተደረገ፤ አንዳንዶቹ ለመቅመሳቸው ስቲከር ተሰጣቸው፣ አንዳንዶቹ ምስጋና። ከሦስት ወር በኋላም ስቲከር የተሰጣቸው ልጆች አትክልቱን ትተውት አልተገኙም። ልዩነቱ ስቲከሩ የተሰጠው ለምን እንደሆነ ላይ ነው፤ ለመቅመስ እንጂ ለመጨረስ አልነበረም። ሽልማቱም ትንሽና ከምግብ ውጭ ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን አስታርቀን እንያዘው። ምላሱን ያስነካ ልጅም የዋጠ ልጅም እኩል አንድ ምልክት ያገኛል። በክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሰንጠረዥ ግን የልጆችን ስም አይያዝ። ስም ያለበት ሰንጠረዥ በሦስተኛው ሳምንት ባዶ መስመር ያለውን ልጅ ያጋልጠዋል፤ ያ ልጅ ከዚያ በኋላ እምቢ ማለትን የራሱ መለያ ያደርገዋል። የክፍሉን ድምር ይመዝግቡ፦ «ዛሬ 21 ሰው ብሮኮሊ ቀመሰ»። በሚቀጥለው ሳምንት 24 ከሆነ ድሉ የሁሉም ነው።

ለማስጨረስ መገፋፋት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። «ሁለት ጉርሻ ብቻ፣ ለእኔ ስትል» የሚለው እንኳ ግፊት ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኤለን ሳተር ያስቀመጠችው የኃላፊነት ክፍፍል እዚህ ይሠራል፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የሚወስነው አዋቂው ነው፤ ይብላ አይብላ፣ ምን ያህልም የሚለውን ልጁ ይወስናል።

ደኅንነት_በገበታ

ከመጀመሪያው ቅምሻ በፊት መደረግ ያለበት ነገር እስካሁን አልተነሳምና እኔ ላንሳው። የአለርጂ ዝርዝር ከሁሉም ወላጅ በጽሑፍ ተሰብስቦ ሳይጠናቀቅ አንድ ቁራጭ እንኳ አይቀርብ። ወረቀቱ ላይ «ልጅዎ አለርጂ አለበት?» ብቻ አይጻፍ፤ ብዙ ወላጅ «የለም» ብሎ ያልፈዋል። በስም ይዘርዘር፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ ካሽውና አልሞንድ ያሉ ለውዞች፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ የባሕር እንስሳት። ከእነዚህ ውጭ ኪዊ፣ ሽምብራና ምስርም አለርጂ ሊያስነሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ መጨረሻው ላይ «ሌላ» የሚል ባዶ ቦታ ይተው። መልስ ያልመጣላቸው ልጆች ቅጹ እስኪመለስ አይቀምሱም፤ መመልከት፣ ማሽተትና መመዝገብ ግን ይችላሉ፣ ከሌላው አይለዩ። ኤፒነፍሪን የሚባለው የከባድ አለርጂ መርፌ የታዘዘለት ልጅ ካለ መርፌው የት እንዳለ የሚያውቅና አጠቃቀሙን የሠለጠነ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይገኝ። ከንፈር ወይም ምላስ ማበጥ፣ በቆዳ ላይ ሽፍታ፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ የትንፋሽ መቆራረጥ ካያችሁ ለወላጅ ከመደወላችሁ በፊት የድንገተኛ ሕክምና ይጠራ።

እጅ በሳሙና ለ20 ሰከንድ ይታጠብ። 30 ልጅ በአንድ ቧንቧ ከታጠበ ብቻውን 15 ደቂቃ ይበላል፤ ስለዚህ እጥበቱን ከቅምሻው በፊት ባለው እረፍት መጨረሻ ላይ ያድርጉት። የጀርም ማጥፊያ ጄል አይተካውም፤ አለርጂ የሚያስነሳ ነገርን ከእጅ አያስወግድም።

የተቆራረጠ ፍራፍሬና የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። እስኪቀርብ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ፣ በሙቁ የሚቀርበው ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ። ማጥቀሻ ካለ የጋራ ሳህን አይኑር፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በትንሽ የወረቀት ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ ይደረግለት፣ ለ30 ልጅ 150 ግራም ያህል ነው።

ወይንና ትናንሽ ቲማቲም በርዝመታቸው ይሰንጠቁ፤ በአግድም የተቆረጠ ወይን አሁንም ክብ ነውና ጉሮሮ ይዘጋል። ልጆቹ ተቀምጠው ይቅመሱ። እየሮጡና እየሳቁ መቅመስ ነው ትን የሚያስብለው። ባቄላ ወይም ምስር ክፍል ውስጥ አብቅሎ ቡቃያውን ጥሬ ማስቀመስ ብዙ ትምህርት ቤት ይወደዋል፤ ለትምህርት ጥሩ ነው፣ ለአፍ ግን አይሁን። ፍሬው የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ለሚባሉት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችም የሚመች ነው፤ ቡቃያውን በውኃ ማጠብ አያስወግዳቸውም። ከተፈለገ በደንብ ይብሰል።

መምህርት_2ኛ_ክፍል

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ዕቅዱን እንደተባለው ወደ አራት ምግብ አወረድኩት። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ምግቡን ምላሱ ላይ ሊያደርስ ቀርቶ ጠረኑን እንኳ የማይችል፣ ሲቀርበው የሚያቅለሸልሸው ልጅ ካለስ? ወላጆችንስ እንዴት ልያዛቸው? ቤት ውስጥ አትክልቱን ፈጭተው ሥጋና ፓስታ ውስጥ ደብቀው እንደሚሰጡ ይነግሩኛል።

የአመጋገብ_ቴራፒ

ለመጀመሪያው፦ ምግብ የመምረጥ ባሕርይና እውነተኛ የመብላት ችግር ይለያያሉ። መራጭ ልጅ ብዙ ነገር አይበላም፣ ግን የሚበላው ዝርዝር ሰፊ ነው፣ ክብደቱም እንደ እኩዮቹ ይጨምራል፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥም ከእምቢታው ይለዝባል። የሚያሳስበው ሌላኛው ነው፦ የሚበላቸው ምግቦች ከ20 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከእነዚያም አንዳንዱን እየጣለ ዝርዝሩ ሲጠብ፣ ክብደቱ ሲቀንስ ወይም ቁመቱ ሲቆም፣ ሌላ ሰው ሲበላ ማየት እንኳ ሲያስጨንቀው፣ አንዴ ትን ብሎት ከዚያ በኋላ ጠጣር ምግብ እምቢ ሲል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይህ ራሱን የቻለ የአመጋገብ መታወክ ሆኖ በሕክምና መመሪያ ውስጥ ተመዝግቧል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደግሞ ሽታና የምግቡ ልስላሴ ወይም ሻካራነት ከሌላው ይበልጥ ጎልቶ ስለሚሰማቸው በእነሱ ላይ በብዛት ይታያል። እነዚህን ምልክቶች ካዩ ልጁን ለማስቀመስ አይሞክሩ፤ ለወላጅ ነግረው ወደ ሕፃናት ሐኪም እንዲወስዱት ያድርጉ።

ክፍል ውስጥ ግን ለዚህ ልጅ ቦታ አለው። መቅመስ የደረጃ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም፦ ምግቡ ባለበት ጠረጴዛ መቀመጥ፣ በማንኪያ ለሌላው ማከፋፈል፣ በጣት መንካት፣ ማሽተት፣ በከንፈር መንካት፣ መላስ፣ ነክሶ በሶፍት መትፋት፣ መዋጥ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የቆመ ልጅ ሥራውን ሠርቷል። ለሁሉም ልጅ ሶፍት ይታደል፤ መትፋት እንደሚፈቀድም ከመጀመሪያው ይነገር። መትፋት እንደሚችል የሚያውቅ ልጅ አፉ ውስጥ ለማስገባት ይደፍራል። መትፋት ሲከለከል ግን አፉን ይዘጋል።

ልጁ ቀድሞ ከሚወደው ነገር ተነስቶ ቀስ እያሉ ማሸጋገርም ይሠራል። ለምሳሌ የድንች ጥብስ የሚበላ ልጅ ካለ፣ ተመሳሳይ ቅርጽና ጥርስ ላይ ተመሳሳይ ስሜት ያለው የስኳር ድንች ጥብስ፣ ከዚያ በዚያው ቅርጽ የተጠበሰ ካሮት፣ ከዚያ ዱባ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ቅርጹም ቀለሙም ጣዕሙም በአንድ ቀን ከተለወጡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ሁለተኛው፦ አትክልት መደበቅ ለሰውነት ምግብ ይሰጣል፤ ለዛሬ ጥሩ ነው። ልጁ ግን ብሮኮሊ እንደበላ ስለማያውቅ ብሮኮሊ አልለመደም፤ ነገ ሳህኑ ላይ ሲያየው ያው አዲስ ምግብ ነው። ሲደርስበት ደግሞ ሌላውን ምግብ ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል፣ የሚወደውን ፓስታ ጭምር። ለወላጆቹ የሚጠቅመው መልእክት ቀላል ነው፦ ፈጭተው የሚያስገቡትን አይከልክሏቸው፣ ግን ለልጁ ይንገሩት፤ ያንኑ አትክልት በዓይን በሚታይ መልኩ በዚያው ገበታ አንድ የሻይ ማንኪያ ያስቀምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 350 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ፣ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ደግሞ ቢያንስ 400 ግራም እንዲሆን ይመክራል። ይህን ቁጥር ለወላጅ ስታቀርቡ ከቅምሻው ጋር አታምታቱት። የክፍሉ 10 ግራም ለመልመድ ነው፤ ሆድ የሚሞላው ቤት ውስጥ ነው።

የትምህርት_ቤት_ማብሰያ

ወላጆቹ ጋር የሚላከው ወረቀት ላይ የሳምንቱን ምግብ ስምና ወጥ ቤቱ ያበሰለበትን መንገድ በሁለት መስመር ጻፉላቸው፤ ዲግሪውና ደቂቃው ጭምር። ልጁ ትምህርት ቤት የቀመሰው የተጠበሰ ካሮት ቤት ሲሄድ ለስልሶ የተቀቀለ ሆኖ ከጠበቀው፣ ለእርሱ ሌላ ምግብ ነው፤ የመለማመዱ ቁጥርም ከአንድ ይጀምራል።

መምህርት_2ኛ_ክፍል

ተስማምቶኛል። ግቢው ውስጥ ትንሽ መደብ አለን። በዚህ 12 ሳምንት ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው አሳድገው የሚቀምሱት ነገር ይኖራል?

ሥነ_ምግብ_ለልጆች

ቀይ ራዲሽ። ከተዘራ ከ25 እስከ 30 ቀን ይደርሳል። ዘሩ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይገባል፤ ሲበቅል በመካከላቸው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲቀር ይመናመናል። ካልተመናመነ ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ሥሩ አይወፍርም። ውኃ አንዴ ሞልቶ አንዴ ከደረቀበት ይሰነጠቃል፤ ከደረሰ በኋላ አፈር ውስጥ ከቆየ ደግሞ ውስጡ ክፍት ይሆናል፣ ማቃጠሉም ይብሳል። የሚያቃጥል ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን በጣም በቀጭኑ ክተፉት፣ እርጎ ውስጥ ነክረው ይቅመሱት። በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ ከዘራችሁ እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ድረስ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ለመቅመስ ይበቃል።